‹‹ሴት ወደ ማጀት›› ካላችሁ፣ ማጀቱም መጽሐፍ ይወልዳል!

‹‹ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት›› ብለው የተረቱት አባቶች አንድ ነገር ረስተዋል። ማጀት ውስጥ የሚነገረው ነገር ችሎት ከሚነገረው በቁም ነገሩ አያንስም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የችሎቱ ይጻፋል፣ የማጀቱ ከጭሱ ጋር ይበናል። የተጻፈው ታሪክ ተባለ፣ የበነነው ደግሞ ‹‹የሴት ወሬ›› ተባለ። ‹‹ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ›› የሚለውም ተረት በዚሁ ላይ የተደረበ ማኅተም ነው። ዐወቀችም አላወቀችም ፈርሚው የሚባለው ወንዱ ነው፤ መዝገቡም ያለው በእሱ እጅ ነው።

ይህን የምናነሳው ያረጀ ተረት ለመውቀስ አይደለም። ተረቱ አርጅቷል፣ ሥራው ግን አላረጀም። በየዓመቱ ማርች 8 ሲመጣ የሚሆነውን እናውቀዋለን። አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት በሺህ ይታተማል። አንድ ባለሥልጣን ብድግ ይልና ‹‹ሴቶቻችን›› ብሎ ይጀምራል። (የማን እንደሆንን ጠይቆ የሚያውቅ የለም።) ጭብጨባው ያበቃል፣ አበሉ ይከፈላል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ቲሸርቱ በዓመቱ የወለል መወልወያ ይሆናል። ለመሆኑ በዚያ ሁሉ ቲሸርት ዋጋ ስንት መጽሐፍ ይታተም ነበር?

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ጋዜጣውን አስቀምጥና አስብ። ሴቶች የጻፉትንና ስለ ሴቶች ኑሮ የተጻፈውን መጽሐፍ ዋና ሥራዬ ብላ የያዘች፣ ከመንግሥትም፣ ከፓርቲም፣ ከለጋሽም ጥላ ወጥታ በራሷ እግር የቆመች አንዲት አሳታሚ ድርጅት ስም ጥራ ብትባል፣ ምላስህ ላይ ቶሎ የሚመጣልህ ስም አለ? በግላቸው ተበድረው፣ ወርቃቸውን ሸጠው አንድ ወይም ሁለት መጽሐፍ ያሳተሙ ብርቱ ሴቶች አሉ፤ አክብሮታችን ይድረሳቸው። ጥያቄው ግን ስለ አንዲት ደራሲ አይደለም። ከአንዷ ደራሲ በኋላ ለሁለተኛዋ፣ ከሁለተኛዋ በኋላ ለአሥረኛዋ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ቤት የት አለ ነው ጥያቄው።

አሳታሚና ማተሚያ ቤት ለየቅል ናቸው

በእኛ አገር አሳታሚ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ማተሚያ ቤት ነው። ማተሚያ ቤት ቀለምና ወረቀት አገናኝቶ ሒሳቡን ይቀበላል። ብርሃንና ሰላም ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ሲሠራ ኖሯል። አሳታሚ ሌላ ነው። ረቂቁን መርጦ ያነባል፣ ‹‹ይሄ ምዕራፍ አልበሰለም፣ መልሺና ጻፊው›› ይላል፣ አርታኢ ይመድባል፣ ውል ይፈራረማል፣ ለማተሚያው ይከፍላል፣ ለመደብር ያከፋፍላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጽሐፉ ሲያልቅ እንደገና ያሳትማል። በአጭሩ አሳታሚ ማለት ምን ይነበብ፣ ምን ይቅር ብሎ የሚወስን ደጃፍ ነው። ያ ደጃፍ ላይ የቆመው ዘበኛ ሁልጊዜ ወንድ ከሆነ፣ የሚያልፈው ምን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

መልሶ ማሳተም የሚለውን በቀላሉ እንዳታልፉት። ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተግዘው የታሰሩ አርበኛ ናቸው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል። ‹‹የልቤ መጽሐፍ››ን ያሳተሙት በ1942 ዓ.ም. ነው። ስማቸውን በየበዓሉ እንጠራለን። ግን እስቲ ዛሬ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካሉት ልጃገረዶች ስንቷ ናት መጽሐፋቸውን በእጇ ይዛ የገለጠችው? ስም ሲወደስ መጽሐፉ ከተረሳ፣ ያ ሁለተኛ ቀብር ነው።

አሜሪካኖቹም ይህን ቀብር ያውቁታል። ዞራ ኒል ኸርስተን የተባለችው ጥቁር ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1960 በድህነት ስትሞት መጻሕፍቷ ከገበያ ጠፍተው ነበር፤ መቃብሯ ላይ እንኳ የስም ድንጋይ አልቆመም። በ1970 ፍሎረንስ ሃው ያቋቋመችው ፌሚኒስት ፕሬስ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ በ1979 የኸርስተንን ሥራዎች በአሊስ ዎከር አዘጋጅነት ሰብስቦ አወጣ። ዛሬ ኸርስተን በዩኒቨርሲቲ ትምህርት የምትሰጥ ደራሲ ናት። ከሁለተኛው መቃብር ያወጧት ሴቶች ናቸው፣ መሣሪያቸውም ማተሚያ ነበር።

ከጋራዥ የተነሣው ቤት

‹‹ይሄ ለሀብታም አገር ነው፣ ለእኛ አይሆንም›› የሚለው ተከራካሪ አሁን እጁን እያወጣ ነው። ይሁን፤ ወደ ህንድ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኡርቫሺ ቡታሊያና ሪቱ ሜነን የተባሉ ሁለት ሴቶች በኒው ዴልሂ ‹‹ካሊ ፎር ዊሜን›› የተባለውን አሳታሚ መሠረቱ። በህንድ የመጀመሪያው ፌሚኒስት አሳታሚ ነው። ሥራውን የጀመሩት በአንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙያው ግን ነበራቸው፤ ሁለቱም ቀደም ብለው በሌሎች አሳታሚዎች ቤት ሠርተዋል። ይህን ልብ በሉ። ገንዘብ ኖሮት ሙያው የሌለው ሰው መጽሐፍ አሳትሞ መጋዘን ይሞላል፤ ሙያው ያለው ግን ከጋራዥ ይነሣል።

ካሊ ካወጣቸው መጻሕፍት አንዱ የሚነገር ታሪክ አለው። በራጃስታን ገጠር የሚኖሩ 75 ሴቶች ስለ ገላቸው፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና አንድ መጽሐፍ በጋራ አዘጋጁ። የመጀመሪያውን ሥዕል ለመንደሩ ሲያሳዩ ‹‹እኛ መንደር ራቁቷን የምትሄድ ሴት አይተን አናውቅም፣ ይሄ ውሸት ነው›› የሚል ተቃውሞ መጣ። ምን ያደርጋሉ? መጽሐፉን ይተዉታል? የለም! ሴትዮዋን በሥዕሉ ላይ አለበሷት፤ ቀሚሱን ግን ተገልጦ የሚታይ ክዳን አደረጉት። ማየት የፈለገች ክዳኑን ገልጣ ታያለች፤ ያልፈለገች ታልፈዋለች። ካሊ በ1989 አሳተመው፤ በርካሽ ዋጋ በየመንደሩ ተሸጠ። ከቢሮ የወጣ ኤክስፐርት ይህን ዘዴ ያስበው ነበር? ባህሉን የሚያውቀው ባህሉ ውስጥ የሚኖረው ነው፤ ነውሩንም ክብሩንም አስታርቆ የሚያልፍበትን በር እሱ ያውቃል።

በ2003 ሁለቱ መሥራቾች ተለያዩና ካሊ ለሁለት ተከፈለ። ቡታሊያ ‹‹ዙባን››ን፣ ሜነን ‹‹ዊሜን አንሊሚትድ››ን አቋቋሙ። እኛ አገር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ማኅበሩ ይፈርሳል፣ ማኅተሙ ይሰረቃል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት አሥር ዓመት ይቆማል። እነሱ ግን አንድ ቤት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱም መጽሐፍ ማውጣቱን ቀጠሉ። በ2011 የህንድ መንግሥት ለሁለቱም በአንድነት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጠ። ዙባን ማለት በነሱ ቋንቋ ምላስም ልሳንም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ‹‹ምላሳም›› ስድብ ነው፤ ያውም ለሴት ብቻ የተሰፋ ስድብ። እነሱ ስድቡን አንሥተው ታፔላ ላይ ጻፉት።

የቤት ሠራተኛዋ መጽሐፍ

ከዙባን መጻሕፍት መካከል ለእኛ በጣም የሚቀርበው የቤቢ ሃልደር ነው። ቤቢ በ12 ዓመቷ የተዳረች፣ ገና በልጅነቷ የወለደች፣ ኋላም ሦስት ልጆቿን ይዛ ከባሏ ቤት ወጥታ ወደ ዴልሂ የመጣች ሴት ናት። ጉርጋኦን በተባለ ቦታ በሰው ቤት ስትጠርግና ስታበስል አሠሪዋ፣ ጡረታ የወጡት ፕሮፌሰር ፕራቦድ ኩማር፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ስታጸዳ መጽሐፎቹ ላይ ዓይኗ እንደሚቀር አስተዋሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ሰጧት። ማታ ማታ ልጆቿ ሲተኙ በቤንጋሊኛ ጻፈች። ሥራው በመጀመሪያ በሂንዲ ወጣ፤ በ2006 ኡርቫሺ ቡታሊያ ራሷ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ አሳተመችው፤ ከዚያም በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ።

ጎበዝ! አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን አባርራ ወደ አገራቸው መልሳለች። ከነዚህ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ሴቶች ነበሩ። በቦሌ በኩል ሲገቡ ካሜራ ተደቀነ፣ ቁጥር ተመዘገበ፣ ሪፖርት ተጻፈ። እያንዳንዷ ሻንጣዋን ብቻ ይዛ አልመጣችም፤ አንድ አንድ መጽሐፍ በሆዷ ይዛ ነው የመጣችው። ቁጥራቸው በሪፖርት ተጻፈ። ቃላቸውስ? በቤይሩትም፣ በሪያድም፣ በኩዌትም በሰው ማጀት ስላሳለፉት ዓመታት በገዛ አንደበታቸው እንዲጽፉ ደብተር የሰጣቸው፣ ጽፈው ሲያመጡም ‹‹ነይ፣ ግቢ፣ እናርመዋለን›› ያላቸው ቤት ስንት ነው? ስለ እነሱ ጥናት የሚያቀርበው ሰው አበል ይከፈለዋል። እነሱ ‹‹መረጃ ሰጪ›› ተብለው ይቀራሉ። ስማቸው እንኳ ‹‹ለደኅንነታቸው ሲባል ተቀይሯል››። ለደኅንነታቸው ከሆነ ደግ፤ ግን ታሪኩ የማን ንብረት ሆነ?

የሦስቱ ተከራካሪዎች ነገር

አንደኛው ተከራካሪ ‹‹ፌሚኒዝም የፈረንጅ ዕቃ ነው›› ይላል። ይህን የሚለው ሰው የፈረንጅ ሱፍ ለብሶ፣ የፈረንጅ ክራቫት አስሮ፣ ‹‹ፓርላማ›› እና ‹‹ኮሚቴ›› በሚሉ የፈረንጅ ቃላት እየተናገረ ነው። ይሁንለት። ናይጄሪያዊቷ ፍሎራ ንዋፓ ፈረንጅ ነበረች? እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያ ልቦለዷን ለንደን ያሳተመችው ይህች ሴት፣ በ1970ዎቹ ኤኑጉ ከተማ ላይ የራሷን ‹‹ታና ፕሬስ›› አቋቋመች። (ጣናችን አይደለም፤ ስሙ ግን ቢያስቀናን አይፈረድብንም።) የለንደኑ አሳታሚ መጽሐፏን አውጥቶላት ሳለ ለምን የራሷን ቤት ከፈተች? መጽሐፍ ማውጣትና መጽሐፉን መቆጣጠር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስላወቀች ነዋ! በኬፕታውን በ2007 በኮሊን ሂግስ የተቋቋመው ሞጃጂ ቡክስም የሚያሳትመው የደቡባዊ አፍሪካ ሴቶችን ሥራ ነው፤ ስሙም በደቡብ አፍሪካ ዝናብ ታዘንባለች ከምትባለው የባሎቤዱ ንግሥት የተወሰደ ነው። ይሄም የፈረንጅ ነው?

ሁለተኛው ‹‹ገበያ የለውም፣ ሴት አታነብም›› ይላል። ለንደን ላይም ይኸው ተብሎ ነበር። አውስትራሊያዊቷ ካርመን ካሊል በ1973 ቪራጎን ስትመሠርት የመጽሐፍ ነጋዴዎቹ የሚሉት ይህንኑ ነበር። ቪራጎ በ1978 የተረሱ ሴት ደራስያንን መልሶ የሚያሳትም አንድ ተከታታይ ጀመረ። አረንጓዴ ጀርባ ያላቸው እነዚያ መጻሕፍት በመቶዎች ተቆጠሩ፤ አንባቢ በደራሲው ስም ሳይሆን በጀርባው ቀለም ብቻ እየለየ ይገዛቸው ጀመር። ገበያው ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ያልነበረው የሚሸጠው ዕቃ ነው። ‹‹ሴት አታነብም›› የሚለው ሰው ያለማንበቧን ምክንያት ይጠይቅ። ውኃ ልትቀዳ ሄዳ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አስተኝታ የቀራት ሰዓት ስንት ነው? በዚያች በቀረቻት ሰዓት የምታገኘው መጽሐፍስ ስለ ማን ነው? ብዙ ጊዜ የምታገኘው እሷ በሦስተኛው ምዕራፍ አልቅሳ በአሥረኛው የምትሞትበትን ነው።

ሦስተኛው ተከራካሪ ለስላሳ ነው፤ በጣም የሚያሠጋውም እሱ ነው። ‹‹ጥሩ መጽሐፍ ጾታ የለውም፣ ለምን ለብቻ?›› ይላል። እውነት ነው፣ ጥሩ መጽሐፍ ጾታ የለውም። መራጩ ግን አለው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ባርባራ ስሚዝ በኦድሪ ሎርድ ውትወታ በ1980 ‹‹ኪችን ቴብል›› ማለትም ‹‹የማዕድ ቤት ጠረጴዛ›› የተባለውን አሳታሚ ስትጀምር፣ ነጭ ሴቶች ባቋቋሟቸው ቤቶች ውስጥም ጥቁሯ ሴት እንግዳ እንደነበረች ስለምታውቅ ነው። ስሙን የሰጡት ሴቶች ተሰብስበው የሚሠሩትም የሚያወሩትም እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለሆነ ነው። ይኸው ማጀቱ መጽሐፍ ወለደ! በ1983 ‹‹ፐርሴፎኒ ፕሬስ›› የተባለ ሌላ የሴቶች አሳታሚ ሲከስር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያሳተመው አንድ ትልቅ የሴቶች ድርሰት ስብስብ ሜዳ ላይ ወድቆ ሊቀር ነበር። አንሥቶ እንደገና ያሳተመው ይኸው የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ነው። እኅት ቤት ባይኖር መጽሐፉ የት ይደርስ ነበር?

እዚህ ላይ ለራሳችንም የምንነግረው አለ። የሴቶች አሳታሚ ብሎ ተነሥቶ የአዲስ አበባ ምሁራንን ብቻ የሚያሳትም ቤት ከሆነ፣ ያው ሁለተኛ ችሎት ነው። በአማርኛ ብቻ ካሳተመም ጉዞው ግማሽ ነው። የቦረናዋ እናት በኦሮምኛ፣ የዓድዋዋ በትግርኛ፣ የጅግጅጋዋ በሶማልኛ የምትለው አላት።

ገንዘቡን ማን ያወጣ?

አሁን ወደ ዋናው እሾህ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል ብቻ በቁጥር እንየው። አንዲት አሳታሚ 2,000 ቅጂ ልታሳትም ነው እንበል። ማተሚያ ቤቱ ለአንዱ 120 ብር ቢያስከፍላት 240,000 ብር ይሆናል። የሽፋኑ ዋጋ 300 ብር ቢሆን፣ አከፋፋዩና መደብሩ 35 በመቶ፣ ማለትም 105 ብር ይቆርጣሉ። ለደራሲዋ 10 በመቶ፣ 30 ብር ይከፈላል። የቀረው 165 ብር ነው። የማተሚያውን ወጪ ብቻ ለመመለስ 1,455 ቅጂ መሸጥ አለበት። የአርታኢው፣ የሽፋን ሠዓሊዋ፣ የቤት ኪራዩ፣ የመጓጓዣው ሁሉ የሚወጣው ከቀሩት 545 ቅጂዎች ነው። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ገንዘቡን አስቀድሞ ይፈልጋል፤ መደብሩ ግን ሸጦ ነው የሚከፍለው፣ ያውም ከከፈለ። በመካከሉ ወረቀት ይወደዳል። ብሩ በሬ ሆኖ ይወጣና ዶሮ ሆኖ ይመለሳል።

ስለዚህ ፈተናው ይመጣል፤ ‹‹አንድ ሁነኛ ጥላ እንፈልግ›› ይባላል። ሦስት ጥላዎች አሉ፤ ሦስቱም ያፈሳሉ።

የመጀመሪያው የመንግሥት ጥላ ነው። ይህን ጥላ ሞክረነዋል። በደርግ ጊዜ የመንግሥት አሳታሚ ኩራዝ ነበረ፤ ብዙ መልካም መጻሕፍት አውጥቷል፤ አይካድም። የበዓሉ ግርማን ‹‹ኦሮማይ›› ያወጣውም እሱ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መንግሥት የሰጠውን መንግሥት ይነሳል። ሴቶችንም በተመለከተ ደርግ በ1972 ዓ.ም. አብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርን አቋቁሞ ነበር፤ ቀበሌ ለቀበሌ መዋጮ ከመሰብሰብና ሰልፍ ከመውጣት አልፎ የሴቷን የገዛ ቃል የት አደረሰው? ከዚያ በኋላ የመጡትም ሊግና ፌዴሬሽን እያሉ ስሙን ቀያየሩት እንጂ አሠራሩን አልቀየሩትም።

ሁለተኛው የለጋሽ ጥላ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የደረሰበትን ማን ይረሳል? እ.ኤ.አ. በ2001 አንዲት የተጠቃች ሴት ፍትሕ ማጣቷን አንሥቶ ስለጮኸ በፍትሕ ሚኒስቴር ታገደ፤ የባንክ ሒሳቡም ተዘጋ። እገዳው ከሳምንታት በኋላ ቢነሣም፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ በሌላ በር መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብትና በጾታ እኩልነት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ማኅበሩ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አጣ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። ትምህርቱ ግን አልተሻረም፦ ገንዘብሽ ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ቧንቧውን የሚዘጋው ሰው አፍሽንም ይዘጋዋል። ለጋሹም ቢሆን የራሱ አጀንዳ አለው። ዘንድሮ ‹‹ያለ ዕድሜ ጋብቻ››፣ ለከርሞ ‹‹ስደት››፣ በሦስተኛው ዓመት ‹‹የአየር ንብረት››። ደራሲዋ ልቦለድ ስትጽፍ በየትኛው በጀት ዓመት ትጻፍ?

ሦስተኛው የባለሀብት ጥላ ነው። ቪራጎ ይህን በደንብ ያውቀዋል። በ1982 ከሌሎች ትልልቅ አሳታሚዎች ቡድን ጋር ተቀላቀለ፤ በ1987 ሴቶቹ ራሳቸው መልሰው ገዙት፤ በ1995 ግን ለሊትል ብራውን ተሸጠ፤ በ2006 ደግሞ ከነሊትል ብራውን ወደ ሃሼት ተሻገረ። መጽሐፉ ዛሬም ይወጣል፣ ስሙም አለ፣ ጥሩ ሥራም ይሠራል። የቤቱ ቁልፍ ግን ከመሥራቾቹ እጅ ወጥቷል። ባለቤቶቹ ሲቀያየሩ አንባቢዎቹን ‹‹ምን ትላላችሁ?›› ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቤት ሲሸጥ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል አብሮ ይሸጣል።

እቁቡ የታለ?

ታዲያ ምን ይሁን? ‹‹ተቺ ብቻ ናችሁ›› እንዳትሉን መንገዱንም እንናገር።

አንደኛ፣ ካፒታሉን ከራሳችን እናውጣ። በዚህ አገር ባንክ ሳይኖር ሴቷ ልጅ ያስተማረችው፣ ቤት የሠራችው፣ ጉሊት የጀመረችው በእቁብ ነው። ሁለት መቶ ሴቶች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢያዋጡ በወር 200,000 ብር ነው። ከላይ ባሰላነው ሒሳብ በሁለት ወር መዋጮ አንድ መጽሐፍ ታትሞ ትርፍ ብር ይቀራል። ዕጣ የወጣላት ብር ሳይሆን መጽሐፍ ትውሰድ፤ የቀረው ለሚቀጥለው መጽሐፍ ይቀመጥ። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ያሉት እኅቶቻችን ለድግስና ለአዳራሽ የሚያወጡትን የሚያውቁ ያውቁታል፤ ከዚያ አንድ አሥረኛውን ለመጽሐፍ እቁቡ ቢያወጡ ማንም ባለሥልጣን ‹‹የውጭ እርዳታ›› ብሎ የሚያቆመው አይደለም፤ ዕቃ አስቀድሞ መግዛት ነውና።

ሁለተኛ፣ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ይሸጥ። አንባቢ አስቀድማ ከፍላ ስሟን ታስመዝግብ። ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ከጠየቀን እኛም ቅድሚያ እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ውል ይጻፍ። ‹‹እኅቴ ነሽ፣ ምን ውል ያስፈልጋል›› የምትል አሳታሚ፣ ‹‹ልጄ ነሽ›› እያለ ደመወዝ ከሚነፍግ አሠሪ በምን ትለያለች? ደራሲዋ ድርሻዋን፣ አርታኢዋ ደመወዟን፣ ተርጓሚዋ ስሟን ታግኝ። ስለ ሴት ጉልበት ብዝበዛ የሚያወራ መጽሐፍ በነጻ የሴት ጉልበት ከታተመ መጽሐፉ ራሱ ምስክር ሆኖ ይፈርድብናል።

አራተኛ፣ አዲስ ብቻ አይታተም፤ የቆየውም ይነሣ። አዲስ መጽሐፍ ዕድሉን ይሞክራል፤ የቆየና የተወደደ መጽሐፍ ግን እንደ ጥጃ እናት በየቀኑ ይታለባል። የአሳታሚ ቤት ኪራይ የሚከፈለው ከዚያ ነው።

አምስተኛ፣ ቤቱ የአንዲት ሴት ቤት ብቻ አይሁን። ኦድሪ ሎርድ በ1992 ካረፈች በኋላ የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ብዙ አልቆየም። ጎበዟ ስትደክም ወይም ስትሞት የሚዘጋ ቤት ጎጆ እንጂ ተቋም አይባልም። የካሊ ሴቶች ተለያይተውም ያተረፉት፣ መጽሐፎቹ ከጠባቸው በላይ እንደሆኑ ስላወቁ ነው። ይህ ጥበብ ለእኛ የፖለቲካ ፓርቲዎችም ቢተርፍ መልካም ነበር፤ ለነሱ ግን ሌላ ቀን።

ማሳረጊያ

የሚያስፈራን የሳንሱር መቀስ ብቻ አይደለም። ሳንሱር እኮ ቢያንስ መጽሐፉ መኖሩን ያምናል፤ አንብቦ ነው የሚቆርጠው። ከሳንሱር የከፋው ሳይጻፍ የቀረው፣ ተጽፎም በሰነድ ሣጥን ግርጌ የቀረው፣ ‹‹አሁን ጊዜው አይደለም እህቴ›› ተብሎ በር ላይ የተመለሰው ነው። በዚህ አገር ለሴት ነገር ጊዜው ደርሶ አያውቅም። በንጉሡ ጊዜ ‹‹ዙፋኑ ይጽና››፣ በደርግ ጊዜ ‹‹አብዮቱ ይቅደም››፣ በኢሕአዴግ ጊዜ ‹‹ልማቱ ይፍጠን››፣ ተቃዋሚውም በተራው ‹‹መጀመሪያ ሥልጣኑን እንያዝ›› ይላል። አዎ፣ የእኛኑ ወገንም ነው የምንለው! ሁሉም ወረፋውን የሚያስጠብቀው ለሴቷ ነው፤ ወረፋውን የሚቆርጠውም ሁሉም ነው።

እንግዲያው አትጠብቁ። ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ቢኖር የንግድ ፈቃድ ብቻ ነው። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ጋራዥ፣ አንድ ጥሩ አርታኢ፣ ሁለት መቶ ሴቶች ያሉበት እቁብ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ስህተት ይኖረዋል፣ ሁለተኛው ኪሳራ ይኖረዋል፣ ሦስተኛው አንባቢ ይኖረዋል። ‹‹ምላሳም›› ቢሏችሁ ታፔላው ላይ ጻፉት። ‹‹ወደ ማጀት›› ቢሏችሁም ሂዱ፤ ብቻ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ።

ልብ ያላት ልብ ትበል! ልብ ያለውም መጽሐፉን ይግዛ!